አርባው ሲወጣ የሚጀመረው ክትባት፦ ሮታ ቫይረስና የሕፃናት ተቅማጥ

በዚህ ወር የምንመለከተው ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለበትን ቤት ሁሉ የሚነካ ጉዳይ ነው። ይኸውም ሮታ ቫይረስ የተባለው የሕፃናት ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስና የመከላከያ ክትባቱ ነው።

እንደሚታወቀው በአካባቢያችን፣ በጅግጅጋም ሆነ በደምበል፣ በሺኒሌም ሆነ በቀብሪበያህ፣ አንዲት እናት ስትወልድ አርባ ቀን ከቤት ሳትወጣ ትታረሳለች። አርባው ሲሞላ «አፈርተንበሕ» ተብሎ ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ዕጣን ይጨሳል፤ ዱዓ ይደረጋል፤ እናትና ልጅም ከቤት ይወጣሉ። የሮታ ክትባት የመጀመሪያው መጠን የሚሰጠው ደግሞ ልጁ 6 ሳምንት ሲሞላው ነው። 6 ሳምንት ማለት 42 ቀን ነው። እንግዲህ ክትባቱ የሚጀመረው አርባው በወጣ በሁለተኛው ቀን ነው ማለት ነው። እናት ቀን መቁጠሪያ ባይኖራት እንኳ አርባውን የማይቆጥር ቤተሰብ የለምና ለማስታወስ ከዚህ የቀለለ ቀጠሮ አይገኝም።

ሆኖም ግን ብዙ ልጆች ይህ ቀጠሮ ያመልጣቸዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት ውስጥ መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያጠናቀቁት በአገር አቀፍ ደረጃ 39 በመቶ ሲሆኑ፣ በሶማሌ ክልል ግን 22 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ማለት በዚያን ጊዜ ከአምስት ልጆቻችን አራቱ ያህል ክትባታቸው ጎዶሎ ነበር። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሮታ ቫይረስ ምንድን ነው?

ሮታ ቫይረስ በትንሹ አንጀት ውስጥ የሚራባ እጅግ ጥቃቅን ተሕዋስ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው በ1973 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያዋ ሜልቦርን ከተማ ሲሆን፣ ሩት ቢሾፕ የተባሉ ተመራማሪና የሥራ ባልደረቦቻቸው ተቅማጥ ከያዛቸው ሕፃናት አንጀት የወሰዱትን ናሙና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ አገኙት። ቅርጹ የጋሪ ጎማ ስለሚመስል በላቲን ቋንቋ ጎማ ማለት በሆነው «ሮታ» በሚለው ቃል ተሰየመ። ከዚያ በፊት ሐኪሞች ብዙውን የሕፃናት ተቅማጥ ምክንያቱ ሳይታወቅ ያክሙት ነበር።

ይህ ቫይረስ ከሌሎች የተቅማጥ ተሕዋስያን የሚለየው ሀብታምና ድሃ፣ ከተማና ገጠር የማይለይ በመሆኑ ነው። ክትባቱ ከመገኘቱ በፊት በዓለም ላይ ያለ ልጅ ሁሉ ማለት ይቻላል አምስት ዓመት ሳይሞላው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይይዘው ነበር። በአሜሪካ እንኳ፣ ንጹሕ የቧንቧ ውሃ በየቤቱ ባለበት አገር፣ ክትባቱ በ2006 እ.ኤ.አ. ከመጀመሩ በፊት በየዓመቱ ከ55 ሺህ እስከ 70 ሺህ የሚሆኑ ሕፃናት በዚህ ምክንያት ሆስፒታል ይተኙ ነበር። ልዩነቱ እዚያ የተኛው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ድኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሕክምናው ሩቅ በሆነበት አገር ግን ብዙዎች ሳይደርሱ ይቀራሉ።

በ2000 እ.ኤ.አ. ሮታ ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ከ500 ሺህ በላይ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን እንደገደለ ይገመታል። በ2008 እ.ኤ.አ. በተደረገው ግምት ደግሞ ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በአምስት አገሮች ብቻ የነበሩ ሲሆን፣ እነርሱም ሕንድ፣ ናይጄሪያ፣ ፓኪስታን፣ ዴሞክራቲክ ኮንጎና አገራችን ኢትዮጵያ ናቸው። ክትባቱ በብዙ አገሮች ከተስፋፋ በኋላ በ2013 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ የሞት ቁጥር ወደ 215 ሺህ ገደማ ወርዷል።

እንዴት ይተላለፋል?

ቫይረሱ የሚተላለፈው ከታመመ ልጅ ሰገራ ወደ ሌላ ልጅ አፍ ነው። መንገዶቹም ልጁን ያጸዳች እጅ፣ የተበከለ ዕቃ፣ ምንጣፍ፣ መጫወቻ፣ ጡጦና ውሃ ናቸው። በታመመ ልጅ አንድ ግራም ሰገራ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ቫይረስ ሊኖር ይችላል፤ ሌላውን ልጅ ለማሳመም ግን ከመቶ ያነሱ ቅንጣቶች ይበቃሉ። በዕቃ ላይ ለቀናት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ በአንድ ግቢ አንድ ልጅ ከታመመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሌሎቹም ተራ በተራ ሲታመሙ እናያለን። ብዙ ሰዎች ይህን ሲያዩ «ዐይን ነው» ይላሉ። ዐይን እውነት መሆኑን እናምናለን፤ ሩቅያም ይደረግ። ነገር ግን ሩቅያ እየተደረገ ልጁ ውሃ መጠጣቱን ማቆም የለበትም።

በእኛ አካባቢ በጂላል ወቅት የቢርካ ውሃ ሲጎድል፣ በጀሪካን የተገዛው ውሃ ለመጠጥና ለውዱእ ብቻ ሲቆጠብ፣ እጅ በሳሙና መታጠብ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ይህም ተቅማጥን ያባብሳል። ቢሆንም ሮታ ቫይረስን በንጽሕና ብቻ ሙሉ በሙሉ ማቆም አይቻልም። ከላይ የጠቀስነው የአሜሪካ ሁኔታ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ንጽሕና የግድ አስፈላጊ ነው፤ ሆኖም ለዚህ ቫይረስ ያለ ክትባት አይበቃም።

ልጁን ምን ያደርገዋል?

ቫይረሱ ወደ ልጁ አፍ ከገባ ከሁለት ቀን ገደማ በኋላ በሽታው ይጀምራል። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ትውከትና ትኩሳት ነው፤ ቀጥሎ እንደ ውሃ የቀጠነ ተቅማጥ ይከተላል። ተቅማጡ ከ3 እስከ 8 ቀን ሊቆይ ይችላል። ደም አይኖረውም። ይበልጥ የሚጎዱት ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት ያሉ ሕፃናት ናቸው።

በአንጀት ውስጥ የሚሆነውን በምሳሌ እንየው። የትንሹ አንጀት የውስጥ ገጽ እንደ ወፍራም ምንጣፍ ጥቃቅን ጸጉር መሰል ነገሮች አሉት። ምግብና ውሃ ወደ ደም የሚመጠጡት በእነርሱ በኩል ነው። ሮታ ቫይረስ እነዚህን ያረግፋቸዋል፤ በተጨማሪም አንጀት ፈሳሽ እንዲያፈስ የሚያደርግ መርዝ ያመነጫል። ስለዚህ የተጠጣው በቅጡ ሳይመጠጥ ያልፋል፤ ከሰውነት ውስጥም ውሃና ጨው ይፈሳል። ልጁን የሚገድለው ቫይረሱ ራሱ ሳይሆን ይህ የውሃና የጨው ማለቅ ነው። የ6 ወር ልጅ ክብደቱ 7 ኪሎ ቢሆን 700 ግራም ያህል ፈሳሽ ማጣት ለሕይወቱ አስጊ ነው። ይህ አንድ ትንሽ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ያህል መሆኑ ነው። በከባድ ትውከትና ተቅማጥ ይህ መጠን በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል።

«ጥርስ እያበቀለ ነው» የሚለው አባባል

የልጁ ጥርስ የሚወጣው ከ6 ወር ጀምሮ ነው፤ ሮታ ቫይረስ የሚበረታውም በዚያው ዕድሜ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ይገጣጠማሉ፤ ቤተሰብም ተቅማጡን ለጥርሱ ይሰጠዋል። ጥርስ ማብቀል ድድን ሊያሳክክ፣ ልሃጭ ሊያበዛ ይችላል እንጂ ልጅን በቀን ስምንት ጊዜ አያስቀምጥም።

ከዚህ የከፋው «ግግ» ነው፣ በሶማሊኛ «ኢልኮ ደዐዎ» ነው ብሎ ያልወጣውን የልጁን ጥርስ ከድዱ ውስጥ ፈልቅቆ ማውጣት ነው። ይህ በንጹሕ ባልሆነ መሣሪያ ስለሚደረግ ደም መፍሰስንና ኢንፌክሽንን ያመጣል፤ ቀድሞውንም ፈሳሹ ያለቀበትን ልጅ አፉ ስለሚቆስል ጡት እንዳይጠባ ያደርገዋል። እንጥል ማስቆረጥና ሆድ በእሳት መተኮስም እንዲሁ ናቸው። ቫይረሱ ያለው አንጀት ውስጥ ነው፤ ድድ ውስጥም ቆዳ ላይም አይደለም።

ፋርማሲ ለምን «ማቆሚያ» አይሰጥም?

በፋርማሲ መስኮት ላይ ከምንሰማቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚበዛው «ተቅማጡን ቀጥ የሚያደርግ ስጡኝ» የሚለው ነው። አንዳንዱ አባት ፍላጂል፣ አንዳንዱ ባክትሪም፣ አንዳንዱም ቴትራሳይክሊን ብሎ በስሙ ይጠይቃል። ባለሙያው አልሰጥም ሲል ደግሞ «ሌላ ፋርማሲ አገኛለሁ» ብሎ ተቆጥቶ የሚሄድ አለ። ነገሩ እንዲህ ነው።

አንቲባዮቲክ የሚገድለው ባክቴሪያን ነው። ሮታ ግን ቫይረስ ነውና ምንም አያደርገውም። ይልቁንም አንቲባዮቲክ የአንጀትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ስለሚገድል ተቅማጡን ሊያባብስ ይችላል። ለአዋቂ የሚሰጡ አንጀት አቁም መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ሎፐራማይድ፣ ለሕፃን እጅግ አደገኛ ናቸው። የአንጀትን እንቅስቃሴ ያቆማሉ እንጂ የፈሳሹን መፍሰስ አያቆሙም፤ ሆድ ይነፋል፤ ልጁም ሊሞት ይችላል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ወይም ኮሌራ ሲሆን አንቲባዮቲክ ሊታዘዝ ይችላል፤ እርሱም በሐኪም ምርመራ ነው። ሮታ ቫይረስን የሚገድል መድኃኒት በየትኛውም ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ የለም። ያለን ነገር ሁለት ነው፦ ከመታመም በፊት ክትባት፣ ከታመመ በኋላ የፈሰሰውን መተካት።

ስለ ክትባቱ

የዓለም ጤና ድርጅት የሮታ ክትባት በሁሉም አገሮች መደበኛ የክትባት ፕሮግራም ውስጥ እንዲገባ የመከረው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ኢትዮጵያ ክትባቱን በመላ አገሪቱ መስጠት የጀመረችው በ2006 ዓ.ም. (በ2013 እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ የጀመረችውም ሮታሪክስ በተባለው ክትባት ነው። በመርፌ አይሰጥም፤ በአፍ የሚጠጣ ጥቂት ፈሳሽ ነው። የመጀመሪያው መጠን በ6 ሳምንት፣ ሁለተኛው በ10 ሳምንት ከሌሎች ክትባቶች ጋር በአንድ ቀጠሮ ይሰጣል። በጤና ጣቢያችሁ ያለው ክትባት ሦስት ጊዜ የሚሰጠው ዓይነት ከሆነ ባለሙያው ይነግራችኋል፤ ካርዱ ላይ የተጻፈውን ቀጠሮ ተከተሉ። በመንግሥት ጤና ተቋም ክፍያ የለውም።

የሚሠራውም እንዲህ ነው። ልጅ በሮታ ቫይረስ ሲያዝ ከባዱ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው፤ ሰውነቱ ቫይረሱን ስለሚያውቀው ቀጥሎ የሚመጣው እየቀለለ ይሄዳል። ክትባቱ ውስጥ ያለው የተዳከመ ቫይረስ ነው። ልጁን ሳያሳምም ያንን የመጀመሪያ ትውውቅ ያስገኝለታል። ከባዱ ፈተና በፊት ልጁ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል ማለት ነው። ቫይረሱ ቀድሞ ከመጣ ግን ትውውቁ በሕመም ይሆናል። በ6 ሳምንት የሚጀመርበት ምክንያት ይኸው ነው።

«ተከትቦም እኮ አስቀመጠው»

ይህንን ብዙ እናቶች ይላሉ፤ እውነትም ነው። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ተቅማጥ የሚያመጡ ተሕዋስያን ብዙ ናቸው፤ ይህ ክትባት የሚከላከለው ሮታን ብቻ ነው። ከ2007 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች በተደረገ ክትትል በተቅማጥ ከታመሙት ሕፃናት የሮታ ቫይረስ የተገኘባቸው ከአምስት አንድ ያህሉ ነበሩ። ስለዚህ የተከተበ ልጅ በሌላ ምክንያት ሊታመም ይችላል።

ሁለተኛ፣ ክትባቱ ሮታንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይከለክልም። በ2010 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው በደቡብ አፍሪካና በማላዊ በተካሄደ ጥናት ክትባቱ ከባድ የሮታ ተቅማጥን በደቡብ አፍሪካ በ77 በመቶ፣ በማላዊ በ49 በመቶ ቀንሶታል። በመቶኛ ሲታይ የማላዊው ያነሰ ነው። ሆኖም በማላዊ በሽታው እጅግ ብዙ ልጆችን ያጠቃ ስለነበር ከመቶ የተከተቡ ልጆች ከከባድ ሕመም የተረፉት ቁጥር በማላዊ ይበልጥ ነበር። ለእኛ የሚቀርበው የማላዊው ሁኔታ ነው። የክትባቱ ዋና ግብ ልጁ ጨርሶ እንዳያስቀምጠው ሳይሆን ሆስፒታል እንዳይደርስ፣ እንዳይሞትም ነው።

ሐላል ነውን?

ይህ ጥያቄ በመስጂዶቻችን ይነሣል፤ ሊነሣም ይገባዋል። መሸፋፈን ጥርጣሬን ያበዛልና እውነቱን እንናገር። የሮታሪክስ ቫይረስ በላቦራቶሪ በሚራባበት ጊዜ ትሪፕሲን የተባለ ከዐሳማ የተገኘ ኢንዛይም ጥቅም ላይ ውሏል። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ በክትባቱ ውስጥ በሰው ላይ በሽታ የማያመጣ የዐሳማ ቫይረስ ቅሪት ተገኝቶ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለጥቂት ሳምንታት እንዲቆም ካደረገ በኋላ መርምሮ እንዲቀጥል ፈቅዷል።

በሸሪዓ በኩል በ1995 እ.ኤ.አ. በኩዌት ከተማ የእስላማዊ የሕክምና ሳይንስ ድርጅት ባዘጋጀው ጉባኤ ላይ ከመቶ በላይ ዑለማዎችና የሕክምና ባለሙያዎች ተገኝተው በምግብና በመድኃኒት ውስጥ ስላሉ ሐራምና ነጃሳ ነገሮች መክረዋል። ከደረሱባቸው ነጥቦች አንዱ ነጃሳ የሆነ ነገር ባሕርዩ ተለውጦ ሌላ ነገር ሲሆን፣ ማለትም «ኢስቲሓላ» ሲፈጸም፣ ፍርዱም ይለወጣል የሚል ነው። ከዚህም ሌላ ሕይወትን ማዳን ከሸሪዓ ዋና ዓላማዎች አንዱ መሆኑንና የጭንቅ ሁኔታ የራሱ ድንጋጌ እንዳለው በመድረሳ የተቀመጥን ሁሉ እናውቃለን። የሮታ ክትባት ሱዳን በ2011፣ የመን በ2012፣ ጅቡቲ በ2014 እ.ኤ.አ. በመደበኛ ፕሮግራማቸው አስገብተዋል፤ ሐጅና ዑምራ የምናደርግባት ሳውዲ ዐረቢያም ለሕፃናቷ ትሰጣለች።

ይህን የምጽፈው እንደ ፋርማሲ ባለሙያ እንጂ እንደ ሙፍቲ አይደለም። ልቡ ያልረጋ አባት የሰፈሩን ሸይኽ ይጠይቅ። ግን ዛሬውኑ ይጠይቅ፤ የልጁ ሳምንታት እየሄዱ ናቸውና።

ጉዳት ያመጣልን?

የተከተቡ አንዳንድ ልጆች ለአንድ ሁለት ቀን ሊነጫነጩ፣ ቀለል ያለ ተቅማጥ ወይም ትውከት ሊኖራቸው ይችላል፤ በራሱ ይጠፋል። ብዙ የተወራለት ጉዳት የአንጀት መጣጠፍ ነው፤ ይህም አንዱ የአንጀት ክፍል ወደ ሌላው ውስጥ ሲገባ የሚከሰት ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ሮታሺልድ የተባለ የመጀመሪያው ክትባት ይህን ችግር አብዝቶ በመታየቱ በ1999 እ.ኤ.አ. ከገበያ ወጥቷል። ዛሬ የሚሰጡት ሌሎች ናቸው። እነርሱም በአንዳንድ ያደጉ አገሮች ከ100 ሺህ ልጆች በጥቂቶቹ ላይ ይህን ችግር እንዳስከተሉ ታይቷል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰባት የአፍሪካ አገሮች ተካሂዶ በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት ግን ከክትባቱ በኋላ የአንጀት መጣጠፍ መጨመሩን አላገኘም።

ቢሆንም ተከተበም አልተከተበ፣ አንድ ሕፃን በየመካከሉ እግሩን ወደ ሆዱ እያጠፈ አጥብቆ ከጮኸ፣ አረንጓዴ ነገር ካስመለሰ፣ ደም የቀላቀለ ዝልግልግ ሰገራ ከወጣው ወይም ሆዱ ከተነፋ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይወሰድ። ከዚህ በፊት አንጀቱ ተጣጥፎ የነበረ ልጅና ከተፈጥሮው የበሽታ መከላከል አቅሙ እጅግ የተጓደለ ልጅ ክትባቱ አይሰጠውም፤ ስለዚህ ባለሙያው ሲጠይቅ ሁሉንም ንገሩት። ጉንፋንና ቀላል ትኩሳት ግን የሚያስቀሩ ምክንያቶች አይደሉም። ጡት ከክትባቱ በፊትም በኋላም ማጥባት ይቻላል።

ለዘገዩ፣ ለሚንቀሳቀሱ ቤተሰቦች

ግመልና ከብት ይዘው የሚንቀሳቀሱ ወገኖቻችን በ42ኛው ቀን ጤና ጣቢያ አጠገብ ላይገኙ ይችላሉ። ቀድሞ የመጀመሪያው መጠን ከ15 ሳምንት በፊት ካልተሰጠ አይሰጥም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ገደብ ሩቅ ያሉ ልጆችን እንደሚያስቀር በማየት በ2013 እ.ኤ.አ. ምክሩን አላልቷል፤ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ዘግይቶም ቢሆን ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ «ጊዜው አልፎበታል» ብላችሁ ቤት አትቅሩ። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ወደ መንደራችሁ ለሚመጣው ተንቀሳቃሽ የጤና ቡድን አሳዩና ውሳኔውን ከእነርሱ ስሙ። የክትባት ካርዱን ከልጁ ጋር ይዛችሁ ተንቀሳቀሱ፤ በሌላ ከተማ የሚቀጥለውን መጠን የምታገኙት በእርሱ ነው።

ልጁ ከታመመ በቤት ምን ይደረግ?

«ውሃ ስለሚጠጣ ነው የሚያስቀምጠው» ብሎ መጠጥ መከልከል የብዙ ልጆችን ሕይወት ያሳጠረ ስሕተት ነው። ሴት አያቶቻችንን፣ አዬዮዎቻችንን፣ በአክብሮት እናስረዳቸው። ቀጥሎ ያሉት ደረጃዎች ይከተሉ፦

1. ጡት ማጥባት አይቋረጥ። ከወትሮው አብልጣችሁ፣ ቶሎ ቶሎ አጥቡት። ወሩ ረመዳን ከሆነና እናት ለልጇ ከሰጋች ማፍጠር በሸሪዓ የተፈቀደላት መሆኑን አትርሳ።

2. ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ) ስጡት። እጃችሁን ታጠቡ፤ ከፓኬቱ ላይ ለስንት ውሃ እንደሆነ አንብቡ። ብዙውን ጊዜ ለ1 ሊትር ነው። ታሽጎ የመጣ የ1 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ጥሩ መለኪያ ነው። የተፈላና የቀዘቀዘ፣ ወይም ውሃ አጋርን በመሰለ ማከሚያ የታከመ ውሃ ተጠቀሙ። ሙሉውን ፓኬት በአንድ ጊዜ በጥብጡ። ግማሹን ፓኬት በግምት መበጥበጥ፣ ስኳር ወይም ጨው መጨመር፣ በወተት ወይም በለስላሳ መበጥበጥ ጉዳት አለው። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉትና አዲስ በጥብጡ።

3. መጠኑ፦ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከሩብ እስከ ግማሽ ኩባያ፣ ከ2 ዓመት በላይ ላለ ደግሞ ከግማሽ እስከ አንድ ኩባያ። በጡጦ ሳይሆን በማንኪያ ወይም በኩባያ ቀስ እያላችሁ ስጡ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቁና በዝግታ ቀጥሉ። ኦ.አር.ኤስ ተቅማጡን ወዲያው አያቆምም፤ ሥራው የፈሰሰውን መተካት ነው። «አላቆመለትም» ብላችሁ አትተዉት።

4. ዚንክ እንክብል ከጤና ተቋም ተቀበሉ። በአገራችን የተለመደው አሰጣጥ ዕድሜው ከ6 ወር በላይ ለሆነ ልጅ በቀን አንድ ባለ 20 ሚሊግራም፣ ከዚያ በታች ለሆነ ግማሹን በንጹሕ ውሃ ወይም በጡት ወተት አሟሙቶ ለ10 ቀን መስጠት ነው። ተቅማጡ በ3ኛው ቀን ቢቆምም 10ሩን ቀን ጨርሱ።

5. ምግብ የጀመረ ልጅ ምግቡን አታቋርጡበት። ለስለስ ያለ ገንፎ፣ ሩዝ፣ ሙዝ፣ ድንች በትንሽ በትንሹ ስጡት። ያልፈላ የግመልም ሆነ የላም ወተት አትስጡት። ከዳነ በኋላ ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ይጨመርለት።

6. ልጁን ካጸዳችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ውዱእ ለሶላት ነው፤ ሰገራ የነካ እጅ ግን ሳሙና ይፈልጋል። ሰገራውንም መጸዳጃ ቤት ድፉት ወይም ቅበሩት፤ የሕፃን ሰገራ ንጹሕ ነው የሚባለው ትክክል አይደለም።

መቼ ወደ ሐኪም?

ዐይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ አፉ ከደረቀ፣ እርግብግቢቱ ወደ ውስጥ ከሰረገደ፣ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ለብዙ ሰዓት ካልሸና፣ ከፈዘዘ፣ መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ሰገራው ደም ካለው ወይም ዕድሜው ከ2 ወር በታች ከሆነ ጊዜ አታጥፉ። በመንገድም ላይ ኦ.አር.ኤሱን በማንኪያ እየሰጣችሁ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ፣ በጅግጅጋም ከሆናችሁ ወደ ካራማራ ወይም ወደ ሼህ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል ውሰዱት።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። በ2017 እ.ኤ.አ. ክልላችንን አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ክፉኛ እንደጎዳው እናስታውሳለን። የሮታ ክትባት ከእንዲህ ያለው ወረርሽኝ አያድንም። በአንድ ቤት ልጆች ብቻ ሳይሆኑ አዋቂዎችም የሩዝ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ከጀመራቸው ለጤና ሠራተኛ ወዲያውኑ ይነገር።

በመጨረሻም

አንዳንድ ወንድሞች «የተጻፈው አይቀርም፣ ተወኩል በቂ ነው» ይላሉ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ግመሉን ሳያስር በአላህ መመካት ይችል እንደሆነ ለጠየቃቸው ሰው በመጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያም በአላህ እንዲመካ አስተምረውታል። የግመልን ነገር ለእኛ ማን ያስረዳናል? ያላሰረ ሰው ግመሉ ብትጠፋ ማንን እንደሚወቅስ ሁላችንም እናውቃለን። ክትባትም እንደዚያው ማሰሪያ ነው።

ስለዚህ ለመስጂድ ኢማሞቻችን አንድ ጥያቄ አለን። ልጅ ሲወለድ ለአቂቃ፣ አርባው ሲወጣም ለአፈርተንበሕ ዱዓ ትጠራላችሁ። ዱዓውን ካደረጋችሁ በኋላ አባትየውን «ከነገ ወዲያ ልጁ 42 ቀኑ ነው፤ ጤና ጣቢያ ማን ይወስደዋል?» ብላችሁ ጠይቁት። እናት ገና ከአራስ ቤት የወጣች ናት፤ የታክሲውን ወይም የባጃጁን ሒሳብ የሚከፍለው፣ ቀኑን የሚያስታውሰው አባት ቢሆን መልካም ነው። እናንተም አያቶች፣ አክስቶች፣ ጎረቤቶች፣ ለአራሷ ስጦታ ስትይዙ የክትባት ካርዱን ጠይቁና ተመልከቱት። የሁለተኛው መጠን ቀጠሮም በ10ኛው ሳምንት፣ ማለትም በ70ኛው ቀን መሆኑን አስታውሷት።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን፤ የታመሙትን ያሽርልን፤ አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።